ሰዓቱ የተዛባ መንኮራኩር

ሥራዬ ዘመን ያለፈባቸውን ፕሮግራሞች በዛሬ ኮምፒውተር ላይ ማስነሳት ነው። ከሁሉም ልቤን የሚይዙት የጠፈር በረራ ሲሙሌተሮች ናቸው። ይዘው የሚመጡ ሰዎች ቀድመው የሚጠይቁኝ «ይከፈታል ወይ?» ብለው ነው። መከፈቱስ ይከፈታል፤ ከባዱ በትክክለኛ ፍጥነቱ ማብረሩ ነው።

ዶስ የተባለው የቀድሞ የኮምፒውተር ሥርዓት በሰፈነበት ዘመን ፕሮግራሞች ጊዜን የሚቆጥሩበት መንገድ ይለያይ ነበር። አንዳንዶቹ በሰከንድ 18 ጊዜ ያህል ምልክት የሚሰጠውን የኮምፒውተሩን ሰዓት ቆጣሪ ስለሚከተሉ ማሽኑ ቢቀየርም እምብዛም አይዛቡም። ሌሎቹ ግን ፕሮሰሰሩ አንድ ሥዕል ስሎ በጨረሰ ቁጥር መንኮራኩሯን አንድ እርምጃ ያራምዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው «ዊንግ ኮማንደር» በዚህ ይታወቃል፤ ፈጣን ማሽን ላይ ሲጫን ውጊያው ዓይን ሳይከተለው ያልቃል።

ለዚህ ሁነኛው መሣሪያ የድሮውን ማሽን አስመስሎ የሚሠራው ዶስቦክስ የተባለው ኢሙሌተር ነው። ፍጥነቱን የሚወስነውን የ«ሳይክል» ቁጥር ኮንትሮልና ኤፍ 11 ሲጫኑ ይቀንሳል፣ ኮንትሮልና ኤፍ 12 ሲጫኑ ይጨምራል። እኔ በግምት አልሠራም። ሲሙሌተሩ የበረራ ሰዓት የሚያሳይ ከሆነ የእጅ ሰዓቴን አጠገቡ አስቀምጬ የሁለቱን ደቂቃ አስተያያለሁ፤ እስኪገጥሙ ድረስ ቁጥሩን አስተካክላለሁ።

ቀጥሎ ፕላኔቷን አያለሁ። የያኔው ሥዕል በወርድ 320፣ በቁመት 200 ነጥብ ሆኖ 4 ለ 3 በሆነ ስክሪን ላይ እንዲሞላ የተሠራ ነው። በዛሬው ሰፊ ስክሪን ላይ ዝም ብሎ ከተለጠጠ ምድር ድፍጥጥ ትላለች። የስክሪን ምጥጥኑን የሚጠብቀው ማስተካከያ ሲበራ ወደ ክብነቷ ትመለሳለች።

ይህን ያህል መጨነቄ ያለ ምክንያት አይደለም። ዴቪድ ብራበንና ኢያን ቤል እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጡት «ኤሊት» የተባለው የጠፈር ጨዋታ 32 ኪሎባይት ሜሞሪ ባለው ቢቢሲ ማይክሮ በተባለው ኮምፒውተር ላይ 8 ጋላክሲዎችን፣ በእያንዳንዳቸውም 256 ፕላኔቶችን ይዞ ነበር። ፈተናው ግን የሚሽከረከረው የጠፈር ጣቢያ በር ውስጥ መግባት ነው፤ አብራሪው መንኮራኩሯን ከጣቢያው ሽክርክሪት ጋር እያስማማ በእርጋታ መጠጋት አለበት። ፍጥነቱ ሲዛባ ፈጣሪዎቹ ያስተማሩት ትዕግሥት አብሮ ይጠፋል።

በወጉ ማቆየት ምን ያህል እንደሚያዋጣ የአፖሎ 11 ታሪክ ይመሰክራል። ጨረቃ ላይ ያረፈችውን መንኮራኩር የመራው ፕሮግራም በወረቀት ታትሞ ኤምአይቲ ሙዚየም ውስጥ ቆየ። ኋላ በስካነር ተነሥቶ፣ በጎ ፈቃደኞች መስመር በመስመር ተየቡትና ዛሬ በማንም ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። ወረቀቱ ተጥሎ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይታሰብም ነበር።

ስለዚህ አደራ እላለሁ። ቤታችሁ አሮጌ ኮምፒውተር ካለ ከፍታችሁ ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ባትሪ አውጡ፤ ሲያረጅ የሚያፈስሰው ፈሳሽ የመዳብ መስመሮቹን ይበላል። የፍሎፒ ዲስኩ ማግኔት እየደከመ ስለሚሄድ ዛሬውኑ ቅዱት። የመመሪያ መጽሐፉንም አትጣሉ፤ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ከመጽሐፉ አንድ ቃል ካልተነገራቸው ከመነሻው አያልፉም።