ዕቃው ሲናገር አፉን ያዋሰው ማን ነው?

ታሪኩን የሚነግረን ፌስታል ነው። ድምፁ የሽማግሌ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ሻካራ፣ ትንሽ የደከመ። አንዲት ሴት ከሱፐርማርኬት አስቤዛዋን ይዛበት ትወጣለች፤ እሱም ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ “ፈጣሪዬ” ይላታል። ቤቷ ይገባል፣ ያገለግላታል፣ እንደምትወደውም ያምናል። አንድ ቀን ግን የውሻዋን ዓይነ ምድር ታነሳበትና ትጥለዋለች። ከዚያ በኋላ ያለው ፍለጋ ብቻ ነው። ከቆሻሻ ክምር ወጥቶ፣ ሰው በሌለበት ምድር ላይ በነፋስ እየተንሳፈፈ ፈጣሪውን ይፈልጋል። መንገድ ላይ ቀይ ፌስታል ያገኛል፤ አብረው በአየር ላይ ይጨፍራሉ፤ ያገናኛቸው ነፋስ መልሶ ይለያያቸዋል። በመጨረሻ ባሕር ይገባል፤ ወገኖቹ ተሰብስበውበታል ወደሚባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ ክፍልም ይጓዛል። እዚያም ሆኖ የሚመኘው አንድ ነገር ነው፤ ፈጣሪው ስትሠራው መሞት እንዲችል አድርጋ በሠራችው ኖሮ!

“ፕላስቲክ ባግ” የተባለው ይህ የ18 ደቂቃ ፊልም ከኢራናውያን ወላጆች አሜሪካ ውስጥ የተወለደው ዳይሬክተር የራሚን ባህራኒ ሥራ ነው። በ2009 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ታይቷል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች “ዓ.ም.” ካልተባሉ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የፌስታሉ ድምፅ የታዋቂው ጀርመናዊ የፊልም ሰው የቨርነር ሄርዞግ ነው። “ፈጣሪዬ” የሚለው ቃል በእኛ ጆሮ ከበድ ስለሚልና መጨረሻውም ስለሚያሳዝን፣ ትንሽ ልጅ ብቻውን ተቀምጦ እንዲያየው አልመክርም። ከአዋቂ ጋር ሆኖ ላየው ግን ስለ ቆሻሻ ከተሠሩ ፊልሞች ሁሉ ይህን የሚያህል አላየሁም።

ዕቃ የሚናገርባቸው አጫጭር ፊልሞችና ማስታወቂያዎች ዛሬ በየልጁ ስልክ ላይ ሞልተዋል። ጠርሙሱ ያለቅሳል፣ ቆርቆሮው ይዘፍናል፣ አሮጌው ጫማ የሕይወት ታሪኩን ይተርካል። ለልጆች የሚመች ዘዴ መሆኑ አያጠራጥርም። ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዣን ፒያዤ በ1920ዎቹ ትናንሽ ልጆችን እየጠየቀ ባደረገው ጥናት፣ ልጆቹ ፀሐይንና ደመናን፣ ብስክሌትን ሳይቀር፣ ሕይወት እንዳላቸው አድርገው እንደሚያስቡ ጽፏል። ለአያቶች ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ማታ ማታ በእንቆቅልሽ ያደገ ሰው የቤት ዕቃ ስለ ራሱ ሲናገር መስማት ለምዷል። አዲስ የሆነው ነገር ሌላ ነው። በእንቆቅልሹ ጊዜ ዕቃውን የምታናግረው አያት ነበረች። በስልኩ ላይ የሚያናግረው ማን ነው?

ጥያቄው የሚገባው ሁለት ማስታወቂያዎችን ጎን ለጎን ላየ ሰው ነው።

የመጀመሪያው የስዊድኑ የቤት ዕቃ ኩባንያ የአይኪያ ነው። በ2002 የተሠራ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ የሚፈጅ፣ በስፓይክ ጆንዝ የተዘጋጀ ማስታወቂያ ነው። አንዲት ሴት አሮጌ የጠረጴዛ መብራቷን ነቅላ ከቆሻሻ ጋር ደጅ ታስቀምጠዋለች። ይመሻል፣ ዝናብ ይጥላል። መብራቱ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ከላይ በመስኮቱ በኩል ደግሞ አዲሱ መብራት ሲበራ ይታያል። መብራቱ አንዲት ቃል አይናገርም፤ ካሜራው ግን በእሱ ወገን ስለቆመ ያሳዝናል። እንባ ሊመጣ ሲል አንድ ሰው በዝናቡ ውስጥ ብቅ ይልና ይቆጣናል፤ ለዚህ መብራት ያዘናችሁት እብድ ብትሆኑ ነው፣ ስሜት የለውም፣ አዲሱ ደግሞ በጣም ይሻላል ይላል። ይህ ማስታወቂያ በ2003 በካን የማስታወቂያ ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት ወሰደ። የሚያስቅ ነው፤ የተሠራው ግን አሮጌ እንድንጥልና አዲስ እንድንገዛ ነው።

ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ2018፣ ያው ኩባንያ ካናዳ ውስጥ ተከታዩን አሠራ። አሁን አንዲት ትንሽ ልጅ የተጣለውን መብራት አንስታ ቤቷ ትወስደዋለች፣ አምፖል ትቀይርለታለች፣ ማታ ታበራዋለች። ያው ሰውዬ ተመልሶ ይመጣና፣ ለመብራቱ ደስ ብሏችሁ ከሆነ እብደት አይደለም፣ ዕቃን መልሶ መጠቀም በጣም ይሻላል ይለናል። መብራቱ ያው ነው፣ ተናጋሪውም ያው ነው፣ ምክሩ ግን ተገልብጧል። የሚከፍለው ኩባንያ ሐሳቡን ሲቀይር የዕቃውም ዕጣ ፈንታ ይቀየራል። ሁለቱን ተከታትለው ያዩ የ12 ዓመት ልጆች ነገሩን ለመያዝ የአዋቂ ማብራሪያ ብዙም አያስፈልጋቸውም።

ሁለተኛው ይበልጥ የተሰወረ ነው። በ2013 አሜሪካ ውስጥ በወጣ ማስታወቂያ አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ በራሱ አንደበት ምኞቱን ይናገራል፤ ባሕር ማየት ይፈልጋል። ይወድቃል፣ ይንከባለላል፣ ነፋስ ይገፋዋል፣ ረጅም መንገድ ይጓዛል። በስተመጨረሻ አንድ ሰው አንስቶ ለመልሶ መጠቀሚያ በተዘጋጀው ቅርጫት ውስጥ ይጨምረዋል። ጠርሙሱ ተፈጭቶ፣ ቀልጦ፣ የመናፈሻ መቀመጫ ሆኖ ባሕር ዳርቻ ላይ ይተከላል። ምኞቱ ሞላ። በጣም ያምራል፤ ልጆችም ይወዱታል።

ይህን ማስታወቂያ ከሠሩት አንዱ “ኪፕ አሜሪካ ቢዩቲፉል” የሚባል ድርጅት ነው። የተመሠረተው በ1953 ሲሆን ከመሥራቾቹ መካከል የመጠጥና የማሸጊያ ኩባንያዎች ይገኙበታል። በዚያው ዓመት የቬርሞንት ግዛት ተሞልተው ሊሸጡ የማይመለሱ የመጠጥ ጠርሙሶችን ከልክላ ነበር። ክልከላው ከጥቂት ዓመት በላይ አልቆየም። ኩባንያዎቹ ተመላሽ ጠርሙሱን እየተዉ ወደሚጣለው ሲሄዱ፣ ድርጅቱ ደግሞ ለሕዝቡ “ቆሻሻ አትጣሉ” እያለ ያስተምር ነበር። ምክሩ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ጥፋቱ ሁሉ ጠርሙሱን በያዘው ሰው እጅ ላይ ይቀራል፤ የማይመለስ ጠርሙስ ይሠራ ብሎ የወሰነው ሰው ፊልሙ ውስጥ የለም።

የባሕሩ ምኞትስ? የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ባወጣው ቁጥር መሠረት በ2018 በአገሪቱ ከተጣለው ፕላስቲክ ሁሉ ተመልሶ ጥቅም ላይ የዋለው 8.7 በመቶ ነው። ከሌላው ፕላስቲክ የሚሻለው የውኃና የለስላሳ ጠርሙስ እንኳ 29 በመቶ ገደማ ነበር። መቀመጫ የሆነው ጠርሙስ አለ ማለት ነው፤ ያልሆኑት ግን ከእጥፍ በላይ ናቸው፤ እነሱ አፍ አልተሰጣቸውም።

እዚህ ላይ የባህራኒ ፌስታል ለምን እንደሚለይ ግልጽ ይሆናል። እሱ ተመልካቹን “ጥሩ ልጅ ሁን” አይልም። የሚከሰው የጣለችውን ሴት ብቻ አይደለም፤ ጥያቄው ስለ አሠራሩ ነው፤ ለአሥር ደቂቃ አገልግሎት የማይሞት ነገር ለምን ተሠራ?

ነገሩ ወደ እኛ ቤት ሲመጣ የባሰ ስስ ይሆናል። እንዲህ ያለ ፊልም ያየ ልጅ ተነስቶ የሚቆጣው ማንን ነው? አብዛኛውን ጊዜ አጠገቡ ያለችውን አያቱን ነው። “እማማ፣ ለምን ፌስታል ያዝሽ? ዓሣ ይገላል እኮ!” ይላል። እማማ ግን ያንን ፌስታል አጥባ ገመድ ላይ አስጥታ፣ አጥፋ ፍራሽ ስር አስቀምጣ፣ አሥር ጊዜ የምትጠቀምበት ሰው ናት። በቤቱ ውስጥ ከሁሉ ያነሰ የምታባክነው እሷ ሆና ሳለ ተወቃሽዋ እሷ ትሆናለች። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም። የተማረው ፊልም ዕቃን እንዴት እንደሚያዝንለት እንጂ የዕቃን ዕድሜ እንዴት እንደሚቆጥር አላሳየውም።

የዕቃን ዕድሜ የሚቆጥር ሰው ደግሞ በየቤቱ አለ። የሃይላንዱን ጠርሙስ አስቡት። ውኃው ካለቀ በኋላ ዘይት ይቀዳበታል፣ ወይም ጠበል ይመጣበታል፣ ወይም ተቆርጦ ችግኝ ይፈላበታል። የዘይት ጀሪካኑ ውኃ በጠፋ ቀን የቤቱ አለኝታ ነው። የመኪና ጎማ ሲያልቅ በረባሶ ይሆናል፤ መርካቶ ምናለሽ ተራ የሄደ ሰው በርሜልና ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ ምድጃና ሌላም የቤት ዕቃ ሲሆን በዓይኑ ያያል። ከሁሉም ረጅም ታሪክ ያለው ግን የለስላሳ ጠርሙስ ይመስለኛል። ባዶውን ሳይዙ ወይም መያዣ ሳይከፍሉ ከሱቅ ለስላሳ መግዛት የማይታሰብበትን ጊዜ የማያስታውስ ወላጅ የለም። ያ የብርጭቆ ጠርሙስ ቢናገር ስንት ቤት ገብቶ እንደወጣ፣ በስንት ልደትና በስንት ሠርግ ላይ እንደተገኘ ያወራ ነበር። ወደ ፋብሪካው የሚመለሰውም ልጆች በማስታወቂያ ስለተመከሩ አልነበረም። መያዣ ስለነበረው፣ ባለሱቁም ቆጥሮ ስለሚረከብ ነው።

በአገራችን ሕግም ጉዳዩን ከሠሪው በኩል መያዝ ከጀመረ ቆይቷል። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረታቸው 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆኑ፣ በቀላሉ የማይበሰብሱ ፌስታሎች እንዳይመረቱና እንዳይገቡ የደነገገ ነበር። ስሱ ፌስታል ግን ከሱቅ አልጠፋም። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲስ አዋጅ ይበልጥ ጠበቅ ብሎ ፌስታልን በእጅ ይዞ የተገኘውንም ይቀጣል። አፈጻጸሙን አብረን የምናየው ይሆናል።

ሌላ አንድ ፊልም ሳልጠቅስ አላልፍም፤ እሱ ግን ለልጆች አይደለም። “የአበቦች ደሴት” የሚል ትርጉም ያለው ርዕስ ይዞ በ1989 ብራዚል ውስጥ በዦርዤ ፉርታዶ የተሠራ፣ 13 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ሥራ ነው። የሚከተለው አንዲት ቲማቲምን ነው። ቲማቲሟ አትናገርም፤ ተራኪው በመምህር ቋንቋ፣ ያለ ምንም ሐዘኔታ፣ ከእርሻ እስከ ገበያ፣ ከገበያ እስከ ወጥ ቤት ያደርሳታል። የቤት እመቤቷ ለስጎ አትሆንም ብላ ትጥላታለች። ፖርቶ አሌግሬ ከተማ አጠገብ ባለው የቆሻሻ መጣያ መጀመሪያ የሚመረጠው ለአሳማዎች ነው። ለአሳማ የማይሆነውን ሴቶችና ልጆች በየተራ፣ በአሥር በአሥር ሆነው፣ ለአምስት አምስት ደቂቃ ገብተው እንዲለቅሙ ይፈቀድላቸዋል። በማግስቱ ዓመት በበርሊን ፌስቲቫል የብር ድብ ተሸልሟል። ዕቃን ማናገር የሚያስቀረው ነገር እዚህ ይታያል። ፌስታሉ ሲያለቅስ እያየን ቆሻሻው አጠገብ የሚኖረውን ሰው ልንረሳው እንችላለን። አዲስ አበባ ይህን በሐዘን ታውቀዋለች፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ልጅ “ቆሻሻው ከዚያ የት ይሄዳል?” ብሎ ከጠየቀ እንደ ዕድሜው መጠን እውነተኛ መልስ ይገባዋል። “ገንዳ ውስጥ” የሚለው መልስ ግማሽ ነው።

ፊልሞቹን ለማየት የትምህርት ቤቱ መዘጋት ጥሩ ጊዜ ነው፤ ከማየት ይልቅ መሥራቱ ግን የበለጠ ያስደስታቸዋል። ስልክ ብቻ ይበቃል። ልጁ ከቤት አንድ ዕቃ ይምረጥ፤ የተሰነጠቀ ጆግ፣ የቡና ቆርቆሮ፣ አንድ እግር የቀረ ካልሲ፣ ምንም ይሁን። ዕቃው መስኮት አጠገብ ብርሃን ባለበት ይቀመጥ፣ ልጁ ከጀርባው ተደብቆ በዕቃው ቦታ ይናገር። ሁለት ደቂቃ ከበቂ በላይ ነው። ከመቅረጹ በፊት ግን አያት ወይም እናት ይጠየቁ። ይህ ዕቃ መቼ ተገዛ? በስንት ብር? መጀመሪያ ምን ነበር? ማን ሰበረው? ልጁ ከራሱ የሚፈጥረው ብዙውን ጊዜ ለቅሶ ነው፤ ከአያት የሚመጣው ግን ዝርዝርና ሳቅ ያለበት ነው። ጆጉ የአክስት ሠርግ ላይ ጠላ ሲቀዳበት እንደነበረ ማን ይገምታል? በዚህ ቀረጻ ላይ እማማ ተቆጪ መሆኗ ይቀርና የታሪኩ ባለቤት ትሆናለች።

አስቸጋሪው የፊልሙ መጨረሻ ነው። ዕቃው ነገ የት ይሄዳል? ልጁም አዋቂውም ላያውቁት ይችላሉ። ቅዳሜ ጠዋት “ቆራሌው!” እያለ በሰፈሩ የሚያልፈው ልጅ ግን ያውቀዋል። ለተሰነጠቀ ጆግ ስንት እንደሚከፍል፣ የትኛውን ፕላስቲክ እንደሚወስድ፣ የትኛውን በነፃ ቢሰጡትም እንደማይፈልግ፣ ሰብስቦም ለማን እንደሚያስረክብ በሩ ላይ አቁማችሁ ጠይቁት። ፈቃደኛ ከሆነ የመጨረሻውን ክፍል በእሱ ድምፅ ቅረጹት።