በሕግ የሕዝብ፣ በአጥር የግል፦ የቤሩት ባሕር ዳርቻ ሙግት
ሊባኖስ ከሰሜን እስከ ደቡብ 220 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘረጋ የሜዲትራኒያን ጠረፍ አላት። ዋና ከተማዋ ቤሩትም በሰሜንና በምዕራብ ባሕር ያቀፋት ናት። ይሁንና በከተማዋ ውስጥ ሰው ሳይከፍል ገብቶ አሸዋ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ አንድ ብቻ ቀርቷል፤ ራምለት አል ባይዳ ይሉታል። የቀረው ዳርቻ ባብዛኛው ወይ የመዋኛ ክለብ ነው፣ ወይ የሆቴል ግቢ፣ ወይ የጀልባ ማቆሚያ፣ ወይ ወደብ። ይህ የተረፈው ቁራጭ እንዳይወሰድ የሚደረገው ሙግት የእርስ በርስ ጦርነቱ ካበቃበት ከ1990 ወዲህ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጋብ እያለ ሲያገረሽ ኖሯል። ቤሩት እኅት ወይም ጎረቤት ያላቸው አንባቢዎች የቦታዎቹን ስም ሳይሰሙት አይቀሩም። የእሑድ ዕረፍት ያላት ልጅ ለእናቷ የምትልከው ፎቶ ብዙ ጊዜ የሚነሣው እዚያ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ከኮርኒሹ መጀመር ይሻላል። ኮርኒሽ የሚባለው በፈረንሳይ ሞግዚትነት ዘመን የተቀየሰው የባሕር ዳር መንገድ ነው። ከዐይን ኤል ምሬሴ ተነሥቶ፣ በመብራት ማማው ሥር አልፎ፣ ራውሼ እስከሚባለው ሰፈር ይሄዳል። በአንድ በኩል መኪና ይተራመሳል፤ በሌላው በኩል የብረት መደገፊያ አለ፤ ከሥሩ ዐለትና ውሃ ነው። ጠዋት ሯጮች፣ ከሰዓት በኋላ ዘንግ የዘረጉ ዓሣ አጥማጆች፣ ሲመሽ ልጆቻቸውን የያዙ ቤተሰቦች ይሞሉታል። ካዕክ የተባለውን ሰሊጥ የተነሰነሰበት ዳቦ የሚሸጠውም፣ ቡና የሚያዞረውም ቦታ አለው። ትኬት የሚቆርጥ የለም፤ በር ላይ ቆሞ የሚመርጥ ዘበኛም የለም። ለ15 ዓመት ምሥራቅና ምዕራብ ተብላ በጥይት ለተከፈለች ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ትልቁ የከተማዋ መናፈሻ ሖርሽ ቤሩት እንኳ ከጦርነቱ በኋላ ለሃያ ዓመታት ያህል ለብዙኃኑ ዝግ ነበር። ስለዚህ ቤሩት ውስጥ መናፈሻውም አደባባዩም ባሕር ዳሩ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሕጉ ምን ይላል? እዚህ ላይ ነገሩ ይገርማል፤ ሕጉ ከሕዝቡ ጋር ነው። የፈረንሳይ ከፍተኛ ኮሚሽነር በጁን 1925 ያወጣው 144ኛው ትእዛዝ የሕዝብ የሆነውን ዳርቻ የሚለካው በሞገድ ነው። በብርዱ ወራት፣ ባሕሩ በሚቆጣበት ጊዜ፣ ሞገዱ እስከሚደርስበት የመጨረሻ ጫፍ ድረስ ያለው መሬት፣ አሸዋውና ጠጠሩ ጭምር፣ የሕዝብ ነው። አይሸጥም፤ ለረጅም ዘመን በመያዝም ባለቤትነት አይገኝበትም። ይህ ትእዛዝ እስከ ዛሬ አልተሻረም። በ1954 የጸደቀው የከተማው ማስተር ፕላን ደግሞ ቤሩትን በቀጠና ሲከፋፍል የባሕር ዳሩን ዐሥረኛ ቀጠና አደረገው፤ በዚህ ቀጠና ዋና ዋና ክፍሎች ግንባታ ተከለከለ ወይም በጥብቅ ተገደበ።

በሩ የተከፈተው በ1966 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው 4810ኛው ድንጋጌ ዳርቻው የሕዝብ መሆኑን አልካደም። ነገር ግን ከዳርቻው አጠገብ መሬት ያለው ሰው የቱሪዝም ወይም የኢንዱስትሪ ፕሮጀክት ካቀረበ፣ በልዩ ሁኔታ፣ ለጊዜው፣ ዓመታዊ ክፍያ እየከፈለ ከፊቱ ያለውን የሕዝብ ቦታ እንዲጠቀምበት ፈቀደለት። በተግባር ባሕር ዳር መሬት የገዛ ሁሉ ባሕሩንም አብሮ የሚያገኝበት መንገድ ሆነ። ቀጥሎም በየጊዜው የወጡ ማሻሻያዎች የሚፈቀደውን ስፋትና የግንባታ መጠን ከፍ አደረጉት፤ ከእነዚህ አንዱ ለትላልቅ ሆቴሎች ተጨማሪ መብት የሰጠው የ1995ቱ ሕግ ነው።

ከ1975 እስከ 1990 የነበረው ጦርነት ደግሞ ድንጋጌውንም የማያስፈልግ አደረገው። መንግሥት በሌለበት ጊዜ መሣሪያ ያለው ወይም ከባለ መሣሪያ የተጠጋ ሰው አጥሮ ገንብቷል፤ ሰላም ሲመጣም ማንም አላፈረሰበትም። የሕዝብ ሥራዎችና ትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2012 ባወጣው መረጃ በመላው ጠረፍ ላይ ከ1,000 በላይ ሕገ ወጥ ይዞታዎች ተመዝግበዋል፤ ሕጋዊ ፈቃድ ያላቸው 73 ብቻ ነበሩ። ፓርላማው በ2017 በግብር ሕጉ ውስጥ ባስገባው አንቀጽ ከ1994 በፊት የተያዙት ክፍያ ፈጽመው ሁኔታቸውን እንዲያስተካክሉ ዕድል ሰጠ። ደጋፊዎቹ፣ «ለአሥርት ዓመታት ምንም ያልከፈለ ሰው አሁን ይክፈል» አሉ። ለባዶ ካዝና ይህ ክርክር ያጓጓል። እኔ ግን ተቃዋሚዎቹ ልክ ናቸው እላለሁ፤ የነጠቀ ሰው ኪራይ ከፍሎ የሚቀመጥ ከሆነ ቀጣዩ ነጣቂ የሚማረው ትምህርት ግልጽ ነው።

ሌላም የሚያወሳስብ ነገር አለ፤ እሱም ካርታው ነው። ራምለት አል ባይዳም ሆነ ከራውሼ በታች ያለው ዳሊያ በመሬት መዝገብ ላይ ባብዛኛው የግል ቁጥር የተሰጣቸው ቦታዎች ናቸው። ስለዚህ አንድ ባለሀብት «ካርታ አለኝ» ሲል አይዋሽም። ተቃዋሚዎቹ «ሞገዱ እዚህ ድረስ ይመጣል» ሲሉም አይዋሹም። ባሕሩ በየክረምቱ የሚረግጠው መሬት በወረቀት ባለቤት አለው ማለት ነው፤ ሙግቱም በአብዛኛው ከሁለቱ ማስረጃዎች የትኛው ይበልጣል በሚለው ላይ የሚሽከረከር ነው። በካርታ ከሚሟገት ሰው ጋር መሟገት ምን ያህል እንደሚያደክም ለኢትዮጵያዊ አንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ዳሊያ የዚህ ሙግት ዋና መድረክ ሆናለች። የርግብ ዐለቶች ከሚባሉት፣ በየፖስት ካርዱ ከሚታዩት ሁለት ታላላቅ ዐለቶች አጠገብ ወደ ባሕሩ የምትገባ የኖራ ድንጋይ ጉብታ ናት። ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ወደብ አላት። ልጆች ከዐለቱ ላይ እየዘለሉ ይዋኙባታል፤ ኩርዶች በመጋቢት ወር ኑሩዝ የተሰኘውን አዲስ ዓመታቸውን ያከብሩባታል። መሬቷ ለረጅም ዘመን የበርካታ ነባር የቤሩት ቤተሰቦች የጋራ ድርሻ ነበር። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ራፊቅ ሐሪሪ ጋር የተያያዙ ኩባንያዎች ድርሻዎቹን ገዙ። በ2014 ጉብታዋ ታጠረች፤ የዓሣ አጥማጆቹ መጠለያዎች ፈረሱ፤ ስመ ጥሩው የኔዘርላንድ አርክቴክት ሬም ኩልሃስ ንድፍ እንዲያወጣ መታዘዙም ተሰማ።

ተቃውሞው የተለየ መልክ የያዘው እዚህ ነው። በ2013 የተቋቋመው የራውሼን ዳሊያ የመጠበቅ ሕዝባዊ ዘመቻ አርክቴክቶችን፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራንን፣ ጠበቆችን፣ ዋናተኞችንና ዓሣ አጥማጆችን አንድ ላይ አሰባሰበ። ሰልፍ ብቻ አልነበረም። የድሮ የመሬት መዝገብ አገላበጡ፤ የቆዩ ፎቶግራፎችን ሰበሰቡ፤ ሽማግሌዎች እዚያ ምን ያደርጉ እንደነበር እየጠየቁ መዘገቡ፤ ለኩልሃስ ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። በ2015 ዳሊያ ሳትገነባ እንዴት ልትያዝ እንደምትችል የሚጠይቅ የሐሳብ ውድድር አወጡ። የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር ቦታዋን የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ የሚያደርግ ረቂቅ አዘጋጀ። በዓለም ዙሪያ አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶችን የሚዘረዝረው የዓለም ሐውልቶች ፈንድም ዳሊያን በ2016 ዝርዝሩ ውስጥ አስገባት። ይህ ሁሉ ባንድ ላይ ለባለሀብቱ መገንባትን ከባድ አደረገበት።

ራምለት አል ባይዳ ላይ ግን ተቃዋሚዎቹ ተሸነፉ። በ2016 መጨረሻ ገደማ በአሸዋው ደቡባዊ ጫፍ ኤደን ቤይ የተባለ የቅንጦት ሆቴል መቆፈር ተጀመረ። ሰዎች ቁፋሮው ቦታ ድረስ እየሄዱ ተቃወሙ፤ ድርጅቶች ክስ መሠረቱ፤ ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤትም በክርክሩ መሃል ሥራው እንዲቆም አዝዞ ነበር። የመሐንዲሶች ማኅበሩ በበኩሉ ፈቃዱን መርምሮ በርካታ ጥሰቶች ማግኘቱን በይፋ አሳወቀ። ግንባታው ግን ቀጠለ፤ ሆቴሉ በ2018 ተከፈተ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ከባድ ዝናብ ሲጥል የሰፈሩ የፍሳሽ መስመር ሞልቶ ጎዳናውን አጥለቀለቀው። መስመሩን የደፈነው ማን ነው የሚለው ጥያቄም ሌላ ውዝግብ አስነሣ።

ወደ ሰሜን፣ መሃል ከተማው አጠገብ፣ በ2011 የተከፈተው ዘይቱና ቤይ የተባለ፣ ምግብ ቤቶች የተደረደሩበት የጀልባ ማቆሚያ አለ። እግረኛ እንዳይገባ አልተከለከለም፤ ጥበቃዎች ግን አሉ፤ ምግብ ቤቶቹ ደግሞ የቀን ሠራተኛ የሚደፍራቸው አይደሉም። በ2019 ሕዝቡ በመንግሥት ላይ በተነሣ ጊዜ ተቃዋሚዎች እዚያ ተሰብስበው ቦታው የሕዝብ መሆኑን አስታውሰዋል። ከዚያው ዝቅ ብሎ የጥንቱ የሴንት ጆርጅ ሆቴል ባለቤት መሃል ከተማውን መልሶ የገነባውን ኩባንያ የሚቃወም ግዙፍ ጽሑፍ በሕንፃው ላይ ሰቅሎ ለዓመታት ተሟግቷል። ባሕሩን የሚያጣው ድሃ ብቻ እንዳልሆነ ልብ ይሏል።

የባለሀብቶቹ መከራከሪያ መሰማት አለበት። ሊባኖስ ነዳጅ የላትም፤ ቱሪዝም ግን ነበራት። ሆቴል ሥራ ይፈጥራል ሲሉ እውነታቸውን ነው። «ክፍት የሆነው ዳርቻ ቆሻሻ ነው፤ እኛ ስንይዘው ይጸዳል» ሲሉም የሚታይ ነገር ያሳያሉ። ያልታከመ ፍሳሽ ራምለት አል ባይዳ ባሕር ውስጥ ይገባል፤ የአገሪቱ የሳይንስ ምርምር ምክር ቤትም ውሃው ለዋና እንደማይመች ደጋግሞ አስታውቋል። ነገር ግን ፍሳሹን የለቀቀው ማን ነው? መንግሥትና ማዘጋጃ ቤቱ ናቸው። የሕዝቡን ቦታ ቸል ብሎ አቆሽሾ፣ ከዚያ መቆሸሹን ለባለሀብት ለመስጠት ምክንያት ማድረግ ከማስተዳደር አይቆጠርም። ፍሳሽ ማጣሪያ የሚሠራ ባለሀብት ደግሞ እስካሁን አልታየም።

አሁን ወደ እኛ ሰዎች። ሊባኖስ ውስጥ በቤት ሠራተኝነት ከሚኖሩት የውጭ ዜጎች መካከል ኢትዮጵያውያን ሴቶች እጅግ ብዙ ናቸው። ኮንትራት ቤት ያለችው፣ ማለትም በአሠሪዋ ቤት የምትኖረው፣ እሑድ ከተፈቀደላት፣ ፍሪ የምትሠራዋ፣ ማለትም ለብቻዋ እየኖረች የምትሠራዋ፣ ደግሞ ቀኗን አመቻችታ፣ ወደ ኮርኒሹ ወይም ወደ ራምለት አል ባይዳ ትወጣለች። ለምን ወደዚያ እንደምትሄድ ለመረዳት የክለቦቹን በር ማየት ነው። የሰብዓዊ መብት ድርጅቱ ሂዩማን ራይትስ ዎች ከመረመራቸው 27 የግል ባሕር ዳርቻዎች 17ቱ የቤት ሠራተኞች ገንዳው ውስጥ እንዳይገቡ ወይም ጨርሶ እንዳይስተናገዱ ይከለክሉ ነበር። ከአሠሪዋ ልጆች ጋር የሄደች ሴት ልጆቹ ሲዋኙ ልብሷን ለብሳ ዳር ላይ ትቆማለች። የቱሪዝም ሚኒስቴር በ2012 ይህን መድልዎ የሚከለክል መመሪያ አወጣ፤ ቅሬታው ግን ከዚያ በኋላም አልቆመም።

ስለዚህ ዳርቻው ወደ ግል ሲዞር ጉዳቱ ለሁሉም እኩል አይደርስም። መካከለኛ ገቢ ያለው ቤሩታዊ ተበድሮም ቢሆን የክለብ መግቢያ ይከፍላል። የእኛዋ ልጅ ገንዘቡ ቢኖራት እንኳ በሩ ላይ ልትመለስ ትችላለች። የዘመቻዎቹ ጽሑፎች ባብዛኛው ስለ ዜጎች መብት ይናገራሉ፤ እሷ ዜጋ አይደለችም፣ አትመርጥም፣ የመኖሪያ ፈቃዷም በአሠሪዋ እጅ ነው። የ1925ቱ ትእዛዝ ግን የሞገዱን ጫፍ እንጂ የማንንም ፓስፖርት አይጠይቅም። በ2024 መጸው የእስራኤልና የሂዝቦላህ ጦርነት ቤሩትን ሲመታ፣ ቤታቸውን ለቀው የሸሹ ቤተሰቦች ኮርኒሹ ላይና ራምለት አል ባይዳ አሸዋ ላይ ሲያድሩ፣ አሠሪዎቻቸው ጥለዋቸው የሄዱ የውጭ አገር ሠራተኞችም አብረዋቸው ነበሩ። አጥር በሌለበት ቦታ ብቻ ሊሆን የሚችል ነገር ነው።

መፍትሔው አዲስ ሕግ አይመስለኝም። ሕጉ መቶ ዓመት ሞልቶታል፤ ይበቃል። የሚያስፈልገው የ1966ቱ ድንጋጌ የከፈተውን ቀዳዳ መዝጋት፣ ለቀሩት ጥቂት ቦታዎች አዲስ ፈቃድ አለመስጠት፣ ዳሊያን የሚጠብቀውን ረቂቅ ማጽደቅና ፍሳሹን ማጣራት ነው። አራቱም የመንግሥት ሥራዎች ናቸው፤ አንዳቸውም ባለሀብት አያስፈልጋቸውም።