የአባቢ ዕፅዋት ሞለኪውላዊ ምደባና ለጤና ባለሙያው ያለው ፋይዳ

አባቢ ዕፅዋት የብዙ መድኃኒቶችና የብዙ መርዞች ምንጭ ናቸው። በኢትዮጵያ ሕሙማን ወደ ጤና ተቋም ከመምጣታቸው በፊት ከዕፅዋት የተዘጋጀ የባህል መድኃኒት ወስደው መገኘታቸው የተለመደ ነው። ስለሆነም የጤና ባለሙያው ስለ አንድ ተክል መረጃ ሲሻ ተክሉ የሚመደብበትን ቤተሰብ ማወቁ ይረዳዋል። ይሁንና ባለፉት ሠላሳ ዓመታት የበርካታ ተክሎች ቤተሰብ ተለውጧል።

የለውጡ መነሻ

ስዊድናዊው ሐኪም ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ባሳተመው መጽሐፍ ዕፅዋትን የመደበው በዋነኛነት በአበባቸው የወንዴና የሴቴ ክፍሎች ብዛት ነበር። ከእርሱ በኋላ የተነሡት ሊቃውንት የቅጠልን፣ የፍሬንና የዘርን ጠባይ ቢያክሉም፣ መሠረቱ በዓይን የሚታይ ቅርጽ ሆኖ ቆይቷል። ቅርጽ ግን ያሳስታል። ዝምድና የሌላቸው ተክሎች ሊመሳሰሉ፣ የቅርብ ዘመዳሞችም ፈጽሞ ሊለያዩ ይችላሉ።

እ.ኤ.አ. በ1993 ተመራማሪዎች ወደ 500 በሚጠጉ ዝርያዎች ውስጥ የሚገኝ አንድ የክሎሮፕላስት ጂን በማነጻጸር ሰፊ የዝምድና ሐረግ አወጡ። ይህንንና ሌሎች ጂኖችን መሠረት በማድረግ የአባቢ ዕፅዋት የዝምድና ጥናት ቡድን የመጀመሪያውን ምደባ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣ ሲሆን፣ በ2003፣ በ2009 እና በ2016 አሻሽሎታል። የ2016ቱ ምደባ 416 ቤተሰቦችን ይዟል። መርሑም አንድ ቤተሰብ ከአንድ የጋራ ቅድመ ዘር የተገኙትን ሁሉ ይይዛል፤ ሌላ ባዕድ አያስገባም የሚል ነው።

መርዝና ዝምድና

የአዲሱ ምደባ ጥቅም በቀድሞው የሊሊያሴ ቤተሰብ በጉልህ ይታያል። ይህ ቤተሰብ ነጭ ሽንኩርትን፣ እሬትንና ኮልቺከምን በአንድነት ይዞ ነበር። ዛሬ ነጭ ሽንኩርት በአማሪሊዳሴ፣ እሬት በአስፎዴላሴ፣ ኮልቺከም ደግሞ በኮልቺካሴ ይመደባሉ። በኢትዮጵያም የሚበቅለው፣ ቀይና ቢጫ አበባ ያለው ግሎሪዮሳ ሱፐርባ የተባለ ሐረግ የኮልቺካሴ አባል ነው። እንደ ኮልቺከም ሁሉ ኮልቺሲን የተባለውን መርዝ ይዟል። ሥሩን የበላ ሰው በመጀመሪያ ትውከትና ተቅማጥ ይይዘዋል፤ ከቀናት በኋላ የመቅኔ ሥራ መዳከምና የልዩ ልዩ አካላት ጉዳት ሊከተል ይችላል። እዚህ ላይ የቤተሰቡ ስም ራሱ ባለሙያውን ያስጠነቅቃል።

ይሁን እንጂ ዝምድና ብቻውን ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ የጎርተብ ወገን ከሆነ ተክል ተዘጋጀ በተባለ ምርት ውስጥ የዲጂታሊስ ቅጠል ተቀላቅሎ በመገኘቱ ተጠቃሚዎች በልብ መርዝ ተጎድተዋል። በአሮጌዎቹ መጻሕፍት ሁለቱ ተክሎች በተለያዩ ቤተሰቦች ተመድበው ነበር፤ በሞለኪውላዊው ምደባ ግን ሁለቱም የፕላንታጂናሴ አባላት ናቸው። አንዱ ምንም የልብ ጉዳት የማያደርስ ሲሆን ሌላው የልብን ምት እስከ ማቆም ይደርሳል። ቅጠላቸው ደርቆ ከተከተፈ በኋላ በዓይን መለየቱ አስቸጋሪ ነው።

በሥራ ላይ

ለኮሶ ትል የሚወሰደው እንቆቆ በኢትዮጵያና ኤርትራ የዕፅዋት መዝገብ በሚርሲናሴ ቤተሰብ ሥር ሲገኝ፣ በአዲሱ ምደባ በፕሪሙላሴ ውስጥ ተካቷል። ሳይንሳዊ የዝርያ ስሙ፣ ኢምቤሊያ ሺምፐሪ፣ ግን አልተለወጠም። መረጃ የሚፈልግ ባለሙያ በቤተሰብ ስም ብቻ ከፈለገ ግማሹን ጽሑፍ ሊያጣ ስለሚችል በዝርያው ስም መፈለግ ይኖርበታል።

በዕፅዋት መመረዝ ሲጠረጠርም የሚከተሉትን ማድረግ ይገባል፦

1. ሕሙሙ ወይም ቤተሰቡ ተክሉን የሚጠሩበትን የአካባቢ ስም፣ የተወሰደውን ክፍል፣ መጠኑንና ሰዓቱን መመዝገብ፤

2. አንድ የአካባቢ ስም ለተለያዩ ተክሎች ሊውል ስለሚችል የተረፈውን ናሙና፣ ከተቻለም ቅጠል፣ አበባና ፍሬ ያለውን ቅርንጫፍ ማስቀመጥ፤

3. ናሙናውን በጋዜጣ መካከል አድርቆ እንደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ብሔራዊ ሄርባሪየም ላለ ተቋም ማሳየት፤

4. የተክሉ ማንነት እስኪታወቅ ሳይጠብቁ ሕሙሙን በሚታዩት ምልክቶች መሠረት ማከም።

የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ የተፈጨን ቅጠል እንኳ ሊለይ ይችላል። ለረጅም ጊዜ የተቀቀለ መድኃኒት ግን ዲ.ኤን.ኤ.ው ስለሚበጣጠስ ውጤት ላይሰጥ ይችላል። በጊዜ የተያዘ አንድ ቅርንጫፍ ዛሬም ከሁሉ የላቀ ማስረጃ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።