ቀጠሮ የሚመዘግብ መተግበሪያ በራስ ስለ ማሠራት

በከተማ የሚሠሩ ጠጉር ሠሪዎች፥ ልብስ ሰፊዎችና ሐኪሞች የደንበኞቻቸውን ቀጠሮ ሲጽፉበት የኖሩት ደብተር ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ወደ ስልክ መዛወር ጀምሯል። ደብተሩ ብዙ ያገለገለ ዕቃ ስለ ሆነ ሊነቀፍ አይገባውም፤ ባትሪ አይጠይቅም፥ ገመድ ቢበጠስም ይነበባል። ጉድለቱ ግን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ብቻ መገኘቱ ነው። ባለቤቲቱ እጇ በሳሙና እንደ ተነከረ ስልኩ ቢጮኽና የሚያነሣላት ብታጣ፥ ያቺ ደንበኛ ወደ ጎረቤት ቤት ትሄዳለች፤ የዚያ ሰዓት ገቢም አብሮ ይሄዳል።

ለዚህ ችግር ተብለው የተሠሩ ዝግጁ መተግበሪያዎች አሉ። ከእነርሱም አንዱ የሆነው ካሌንድሊ፥ በናይጄሪያ ተወልዶ ባደገው በቶፔ አዎቶና እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2013 ዓ.ም. በአሜሪካ በአትላንታ ከተማ የተቋቋመ ነው። ይሁን እንጂ እንዲህ ያሉት መሣሪያዎች የታሰቡት በአብዛኛው የአውሮፓን ወርና ሰዓት ለሚከተል፥ በባንክ ካርድም ለሚከፍል ሰው ነው። ስለዚህ አንዲት የአዲስ አበባ ጠጉር ሠሪ በልኳ የተሰፋ መተግበሪያ ብትመኝ አይፈረድባትም።

ቀድሞ ይህን የሚመኝ ሰው ፕሮግራም ጸሓፊ ቀጥሮ ብዙ ገንዘብ ማውጣት ነበረበት። ዛሬ ነገሩ እየተለወጠ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2021 ዓ.ም. ጊትሀብ ኮፓይሎት የተባለው መሣሪያ ለሙከራ በወጣ ጊዜ፥ ሥራው ፕሮግራም ጸሓፊው የጀመረውን መስመር መጨረስ ነበር። ዛሬ ግን እነ ክሎድ ኮድ፥ ሬፕሊትና ላቨብል በተራ ቋንቋ የተጻፈ ትእዛዝ ተቀብለው ኮዱን በሙሉ ይጽፋሉ፤ ስሕተቱን ሲነግሯቸውም ያርማሉ። አንድሬ ካርፓቲ የተባለው የኮምፒዩተር ሊቅ፥ ኮዱን ሳይመረምሩ በቃል ብቻ እያዘዙ ማሠራትን በፌብሩዋሪ 2025 «ቫይብ ኮዲንግ» ብሎ ሰየመው፤ ኮሊንስ የተባለውም የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የዚያ ዓመት ቃል አድርጎ መረጠው። በኢትዮጵያም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ከሚያስተምራቸው ነገሮች መካከል የፕሮግራም መሠረታዊ ትምህርትና ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይገኙበታል።

እንግዲህ ሦስት ወንበርና ሁለት ረዳቶች ያሏትን አንዲት ጠጉር ሠሪ በሐሳባችን እናቁም። እርሷም ከነዚህ መሣሪያዎች በአንዱ ላይ «ደንበኞቼ ቀጠሮ የሚይዙበት መተግበሪያ ሥራልኝ» ብላ ብትጽፍ፥ ከጥቂት ጊዜ በኋላ መልኩ ያማረ ገጽ ይቀርብላታል፤ የወር ሰሌዳ አለው፥ የሰዓት ዝርዝር አለው፥ «አረጋግጥ» የሚል ቁልፍም አለው። ብዙ ሰው ሥራው ያለቀ የሚመስለው በዚህ ጊዜ ነው። በእኛ አስተያየት ግን ሥራው ገና መጀመሩ ነው። ምክንያቱም መሣሪያው ሴቲቱ ያልነገረችውን ነገር ባዶ አይተወውም፤ አብዝቶ ባነበበው በሌላ አገር ልማድ ይሞላዋል። ብዙ ጊዜ ቅዳሜንና እሑድን ዕረፍት ያደርጋል፤ ለእርሷ ግን ገበያው ቅዳሜ ነው። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ዓይነት ደቂቃ ይመድባል፤ ሹሩባ ግን ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሳይጠይቅ ስለ ሆነ፥ ስሕተቱ የሚታወቀው ደንበኛዪቱ በር ላይ ቆማ ስትቈጣ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው የሰዓቱ ነገር ነው። አማርኛ በመማር ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን ይህን በራሳቸው ያዩት ይመስለናል፤ መምህራቸው 6 መደመርና 6 መቀነስ ሳያስተምራቸው አልቀረምና። አማርኛ ተናጋሪ ቀኑን የሚቈጥረው ጎሕ ከቀደደበት ጀምሮ ስለ ሆነ፥ አውሮፓዊው ጧት 9 ሰዓት የሚለው ለእርሱ 3 ሰዓት ነው፤ አውሮፓዊው ከቀትር በኋላ 2 ሰዓት የሚለውም 8 ሰዓት ነው። ጠጉር ሠሪዋ ለመሣሪያው «ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት እሠራለሁ» ብላ ብትጽፍለት፥ እርሱ ገና ሌሊት ሳለ ሱቋን ሊከፍትላት፥ ጀምበር ከጠለቀች ከብዙ ሰዓት በኋላም ሊዘጋላት ይችላል።

በዚህም አያበቃም። መዝገቡ የሚቀመጥበት ኮምፒዩተር አብዛኛውን ጊዜ በውጭ አገር ያለና በዓለም አቀፉ ሰዓት የሚሠራ ነው። የአዲስ አበባ ሰዓት ከዚያ በ3 ሰዓት ይቀድማል። ስለዚህ ትክክለኛው መዝገብ የጧቱን 3 ሰዓት ቀጠሮ በዓለም አቀፉ ሰዓት 6 ሰዓት ብሎ መያዝ አለበት። መሣሪያው ይህን ዘንግቶ የአዲስ አበባን 9 ሰዓት እንዳለ በዓለም አቀፉ መዝገብ ላይ ቢጽፈው፥ ደንበኛዋ ስልኳን ስትከፍት ቀጠሮዋን ቀትር ላይ ታገኘዋለች። አንዱ ስሕተት 6 ሰዓት፥ ሌላው 3 ሰዓት ያስታል፤ ሁለቱ ሲደረቡማ ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘት እጅግ ይቸግራል። ለሠርግ ከዋሽንግተን የምትመጣ ዘመድ ከመነሣቷ አስቀድማ በጥር ወር ቀጠሮ ብትይዝ ደግሞ፥ ስልኳ ያለችበትን አገር ሰዓት ተከትሎ ያንኑ የጧት 3 ሰዓት ከሌሊቱ 7 ሰዓት አድርጎ ሊያሳያት ይችላል። አሜሪካኖች በመጋቢትና በኅዳር አካባቢ ሰዓታቸውን ስለሚያዛውሩ፥ በዋሽንግተንና በአዲስ አበባ መካከል ያለው ልዩነት በክረምታቸው 8፥ በበጋቸው 7 ሰዓት ነው።

ስለ ሌሊትም አንድ ነገር እንጨምር። የሙሽራ እኅት ደውላ፥ «እትዬ፥ እኅቴ እሑድ ልታገባ ስለ ሆነ ቅዳሜ ሌሊት በ10 ሰዓት እንምጣ?» ብትል፥ ጠጉር ሠሪዋ ምንም ሳትደናገር ለእሑድ አጥቢያ ማለቷ እንደ ሆነ ትረዳለች። መተግበሪያው ግን «ቅዳሜ» የሚለውን ቃል ብቻ ይዞ ቀጠሮውን በአንድ ሌሊት አስቀድሞ ይጽፈዋል። እንግዲህ ሙሽራዪቱ በሠርጓ ሌሊት መጥታ በሩ ተዘግቶ ብታገኘው ሐዘኗ የማን ይሆናል? ስለዚህ ለመሣሪያው የሚሰጠው ትእዛዝ ግልጥ መሆን አለበት። ሰዓት ሁሉ በመዝገቡ ላይ በዓለም አቀፉ ሰዓት ይቀመጥ፤ ለሰው ሲታይ ብቻ ወደ አዲስ አበባ ሰዓትና ወደ አማርኛ አቈጣጠር ይመለስ፤ «ጧት»፥ «ቀን»፥ «ማታ»፥ «ሌሊት» የሚለው ቃል ከቍጥሩ አይለይ፤ የሌሊት ቀጠሮ ከሆነም «ለእሑድ አጥቢያ» እየተባለ ይጻፍ። ከዚህም በኋላ አንድ ቀጠሮ ለጧቱ 3 ሰዓት አስይዞ መዝገቡን ከፍቶ ማየት ነው። መዝገቡ 6 ሰዓት ካላለ መተግበሪያው ለደንበኛ አይሰጥ።

የሚቀጥለው ችግር አንዱን ሰዓት ለሁለት ሰው መስጠት ነው። በደብተሩ ዘመን እስክሪብቶው አንድ ብቻ ስለ ነበረ ሁለት እጅ በአንድ ጊዜ ሊጽፍ አይችልም ነበር። በስልክ ግን ሁለት ደንበኞች፥ አንዷ በቦሌ፥ ሌላዪቱ በመርካቶ ሆነው፥ የቅዳሜን 4 ሰዓት በአንድ ቅጽበት ሊነኩት ይችላሉ። በግዴለሽነት የተጻፈ ኮድ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ በመጀመሪያ ሰዓቱ ባዶ መሆኑን ያያል፥ ቀጥሎ ስሙን ይጽፋል። በማየትና በመጻፍ መካከል ባለችው ጥቂት ጊዜ ሌላዪቱም ባዶ ሆኖ ታየዋለች፤ ሁለቱም «ተረጋግጧል» የሚል መልስ ይደርሳቸዋል። መሣሪያው በሚሞከርበት ጊዜ ሞካሪዋ አንዲት ሴት ብቻ ስለ ሆነች ይህ ጉድለት አይታይም፤ የሚወጣው ሥራ በሚበዛበት ቀን ነው።

መድኀኒቱ ጥበቃውን ለገጹ ሳይሆን ለመረጃ ቋቱ ለራሱ መስጠት ነው። ይኸውም አንድ ወንበር በአንድ ጊዜ ለሁለት ሰው እንዳይሰጥ ቋቱ ራሱ እንዲከለክል ማዘዝ ነው። በዚህ ላይ የሚዘነጋ ነገር አለ። ክልከላው የመነሻውን ሰዓት ብቻ የሚመለከት ከሆነ፥ ከ3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት በሹሩባ ላይ ያለችን ደንበኛ ወንበር በ4 ሰዓት ለሌላ ሴት ይሰጠዋል፤ መነሻቸው አንድ አይደለምና። መደራረብን የሚከለክል ደንብ ያስፈልጋል፤ ፖስትግሬስኪውኤል የተባለው የመረጃ ቋት ይህን ራሱ መጠበቅ የሚችል ነው። ጠጉር ሠሪዋ የዚህን አሠራር ማወቅ አይኖርባትም፤ «ሁለት ቀጠሮ በአንድ ወንበር ላይ እንዳይደራረብ ቋቱ ራሱ ይከልክል፤ ሁለት ሰው በአንድ ቅጽበት ሲነካውም ሞክረህ አሳየኝ» ብሎ ማዘዝ ግን ትችላለች።

ከዚህ የቀረው የቤቷ ሥርዐት ነው፤ ይህንንም ከእርሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ካስክ ውስጥ የገባች ሴት ስትደርቅ ረዳቲቱ ሌላ ደንበኛ ማጠብ ትችላለችና፥ ወንበሩና ሠራተኛዋ ለየብቻ መቈጠር አለባቸው። ሹሩባ የምትሠራው አንደኛዋ ረዳት ብቻ ከሆነች መተግበሪያው ለሁለተኛዪቱ አይስጥ። የጥር ወር የሠርግ ጊዜ ስለ ሆነ ሙሽራ ከነሚዜዎቿ ስትመጣ ሦስቱም ወንበር ይያዛል፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ሠርጉ ይቆማል። የቀብድም ነገር አለ። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ በቴሌብር ቀብድ መቀበል ቀላል ሆኗል፤ ነገር ግን ደንበኛዋ ልቅሶ ደርሶባት ብትቀር ቀብዱ ይመለስላት ወይስ አይመለስላት? መሣሪያው ካልተነገረው አይመለስም ብሎ ይደነግግ ይሆናል፤ ሰፈሩም በዚህ የሚፈርደው በመሣሪያው ላይ ሳይሆን በእርሷ ላይ ነው። እኛ የምንመክረው፥ መሣሪያውን ከመክፈቷ አስቀድማ ባለፈው ዓመት ሥራ ከበዛባት ሳምንት የደብተሯን ገጾች፥ ስሞቹን አስቀርታ እንድትገለብጥ ነው። ያ ሳምንት እንዳለ በመተግበሪያው ካልተመዘገበላት፥ የጎደለው ደንብ የት ላይ እንደ ሆነ ወዲያው ይታያታል።

ደንበኞች የሚገቡበትን በር በተመለከተ አዲስ መተግበሪያ በስልካቸው እንዲጭኑ ማስቸገር አያስፈልግም። ቴሌግራም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ቦት የሚባሉትን መልስ ሰጪዎች ስለ ፈቀደ፥ ቀጠሮውንም ማስታወሻውንም ያለ ክፍያ በዚያ ማስተላለፍ ይቻላል።

የደንበኞችን ምስጢር መጠበቅ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የቀጠሮ መዝገብ ስም፥ የስልክ ቍጥርና ሴቲቱ ከቤቷ የምትወጣበትን ሰዓት የያዘ ነው፤ ይህ በማይገባ ሰው እጅ ቢወድቅ ለቤተሰብ አደጋ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2025 ዓ.ም. በላቨብል የተሠሩ 1645 መተግበሪያዎች ሲመረመሩ፥ በ170ዎቹ ላይ መዝገባቸውን ለማያውቁት ሰው የሚገልጥ ቀዳዳ ተገኝቷል። ገጾቹ በመልካቸው ምንም ጉድለት አልነበረባቸውም፤ የጎደለው «እያንዳንዱ ሰው የራሱን ብቻ ይይ» የሚለው ደንብ ነበር። በኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የሕግም ጉዳይ ሆኗል። ስለዚህ ጠጉር ሠሪዋ በአንዲት ደንበኛ ስም ገብታ የሌላዪቱን ቀጠሮ ለማየት ትሞክር፤ ካየችው መተግበሪያው ይዘጋ። ከዚህም በላይ መሣሪያው በእውነተኛው መዝገብ ላይ እንዲሠራ አይፈቀድለት። በጁላይ 2025 የሬፕሊት መሣሪያ ምንም እንዳይለውጥ ታዝዞ ሳለ የአንድን ድርጅት የመረጃ ቋት መደምሰሱ በዓለም ሁሉ ተሰምቷል። ለሙከራ የሐሰት ስሞችን የያዘ ሌላ መዝገብ ይኑረው፤ የእውነተኛውም ግልባጭ በየምሽቱ ይቀመጥ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ደብተሩም ከጠረጴዛው ባይነሣ መልካም ነው።

በመጨረሻ ስለ ቀን አቈጣጠር። የኢትዮጵያ ወር 30 ቀን፥ ጳጉሜን 5 ቀን፥ በዘመነ ሉቃስ ፍጻሜ ግን 6 ቀን ናት። ስሌቱን መሣሪያው ከራሱ እንዲፈጥር መተው ለስሕተት ያጋልጣል። የዓለምን ፊደላት በአንድ ሥርዐት የሚመዘግበው ዩኒኮድ የቀን አቈጣጠራችንንም በመረጃው ውስጥ ስላስገባ፥ «ያለውን ተጠቀም፥ አዲስ አትፍጠር» ብሎ ማዘዝ ይበቃል። ይህም መፈጸሙን ለማወቅ አንድ ቀን መርጦ መሞከር ነው። ጳጉሜን 6 ቀን 2019 ዓ.ም. ቅዳሜ ይውላል፤ በማግሥቱ እሑድ እንቍጣጣሽ ነው። ከዓመቱ ሁሉ ደንበኛ ከሚበዛባቸው ቀኖች አንዱ መሆኑ ነው፤ ጳጉሜን 5 ቀን ብቻ የምትመስለው መተግበሪያ ግን ያን ቅዳሜ ከሰሌዳው ላይ አያሳየውም።