ቺ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው?

የቻይና የርዝመት መለኪያ ከሜትር ጋር ያለው ሒሳብ ቀላል ነው። አሥር ጹን አንድ ቺ፣ አሥር ቺ አንድ ጃንግ ይባላል። ሦስት ቺ አንድ ሜትር፣ ሁለት ሊ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ቺን ለሦስት፣ ሊን ለሁለት ማካፈል ብቻ ነው።

ጓንግዡ ከተማ በአንድ የጨርቅ ገበያ ልብስ ሰፊዋ የደንበኛዋን ወገብ ስትለካ ቆሜ አይቻለሁ። ሜትሯ በአንድ ገጹ እስከ 150 ሴንቲ ሜትር፣ በሌላው ገጹ እስከ 45 ጹን ተጽፎበታል። «ሁለት ቺ ከአራት» ብላ መዘገበች። ሜትሩን ስትገለብጠው 80 ሴንቲ ሜትር ሆነ፤ አንዲት ሚሊ ሜትር አልተረፈም፣ አልጎደለም።

ይህ መገጣጠም የቆየ አይደለም። በናንጂንግ የነበረው መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1929 ሕግ አውጥቶ ከ1930 ጀምሮ ቺን የሜትር ሲሶ አደረገው። ከዚያ በፊት የግንባታ ሥራው ቺ 32 ሴንቲ ሜትር ነበር። አንድ ሊም 1,800 ቺ ስለነበረ 576 ሜትር ይሆን ነበር። አናጢውም ልብስ ሰፊውም የየራሳቸው ቺ ነበራቸው።

የድሮ መጽሐፍ የሚተረጉሙና የታሪክ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ሰዎች ያገኙትን ቺ ሁሉ በ33 ሲያባዙት ትዕግሥቴ የሚያልቀው ለዚህ ነው። ታሪክ ጸሐፊው ሲማ ቺየን ኮንፊሽየስ ቁመቱ 9 ቺ ከ6 ጹን እንደነበረ ጽፏል። በዛሬው ቺ ከቆጠርነው 3 ሜትር ከ20 ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ሰው አልተፈጠረም። ከሃን ሥርወ መንግሥት መቃብሮች የወጡት መለኪያዎች ግን አንዱ ቺ 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ከተሰላ 2 ሜትር ከ20 አካባቢ ይመጣል፤ በጣም ረጅም ነው፣ ግን የሰው ቁመት ነው። 8 ቺ ነበር የሚባለው የጥንቱ ሚኒስትር ዡጌ ሊያንግም ከ2 ሜትር ከ67 ወደ 1 ሜትር ከ84 ይወርዳል። ያው መልከ መልካም ረጅም ሰው ነው፤ ግዙፍ ያደረገው ተርጓሚው ነው። የዘመኑን ቺ ሳይጠይቁ ማባዛት ስንፍና ነው።

ቺ ለምን ረዘመ? ዋንግ ጉዎዌይ የተባለው ሊቅ ምክንያቱን ከግብር ጋር አያይዞታል፤ እኔም ከሁሉ የምወደው ይህንን ነው። ገበሬው ግብሩን በሐርና በጨርቅ ይከፍል ነበር። አንድ ጣቃ 40 ቺ ነው። በሃን ዘመን ቺ ይህ 9 ሜትር ከ20 ገደማ ነው፤ ቺው 30 ሴንቲ ሜትር አካባቢ በደረሰበት በታንግ ዘመን ግን 12 ሜትር ሆነ። መዝገቡ ላይ ያለው ቁጥር ያው 40 ነው፤ ከገበሬው ቤት የሚወጣው ጨርቅ ግን ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ ጨምሯል። አዋጅ ሳይነገር፣ ግብር ጨመረ ሳይባል፣ ሰብሳቢው የያዘው ዘንግ ብቻ ረዘመ።

የታንግ መንግሥት ራሱ ይህን ያውቅ ነበርና ሁለት ቺ ያዘ። ለሙዚቃ ቅኝት፣ ለፀሐይ ጥላና ለመድኃኒት ትንሹን አስቀረ፤ ለመደበኛው ሥራ ከትንሹ 1.2 እጥፍ የሚሆነውን ትልቁን አዘዘ። የቅኝት ቱቦ ርዝመቱ ከተለወጠ ድምፁ ይለወጣል፤ የጥላው ልኬት ከተለወጠም የዘመን ቆጠራው ይፋለሳል።

ዛሬም ቢሆን ቦታውን ጠይቁ። የታይዋን ቺ 30.3 ሴንቲ ሜትር፣ የሆንግ ኮንጉ 37.15 ያህል ነው። ቴሌቪዥን ሻጭ በጹን ሲነግራችሁ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኢንች ማለቱ ነው።

በመርፌ የሚያክመው ባህላዊ ሐኪም ጹን ግን ወደ ሴንቲ ሜትር አይመለስም። አንድ ጹን የበሽተኛው የራሱ አውራ ጣት ስፋት ነው፤ አራት ጣቶች ተጋጥመው ሦስት ጹን ይሆናሉ። ከጉልበት በታች ሦስት ጹን የሚባለው ነጥብ በሕፃን እግር ላይ ቅርብ፣ በረጅም ሰው እግር ላይ ራቅ ያለ ነው። በመመሪያ መጽሐፍ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ብሎ የሚጽፍ ሰው መርፌውን ያለ ቦታው ያስወጋል።