የሩቅ ባሕር ሳይክሎን እና የወሎ በልግ

ደሴ እና ኮምቦልቻ ከባሕር የራቁ በመኾናቸው የውቅያኖስ አውሎ ነፋስ አይደርስባቸውም። በደቡብ ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ የሚነሳው ሳይክሎን ግን የደቡብ ወሎን በልግ ሊያሳጣ ይችላል።

ሳይክሎን የሚፈጠረው የባሕሩ የላይኛው ውኃ ከ26 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሞቅ ነው። የተነነው ውኃ ወደ ላይ ወጥቶ ደመና ሲኾን ሙቀት ይለቃል፤ አየሩም ይበልጥ ይነሳል። ከታች ግፊቱ ሲቀንስ በዙሪያው ያለው እርጥብ አየር ወደ መሐል ይሳባል፤ የምድር መሽከርከርም ያጠማዝዘዋል። በአትላንቲክ ሐሪኬን የሚባለው ይኸው ነው።

ወቅቱ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ስለኾነ ከበልግ ጋር ይገጥማል። ሳይክሎኖች ሲደጋገሙ ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣውን እርጥበት ወደ ራሳቸው ሊስቡ ይችላሉ። ይህም የደጋውን የበልግ ገብስ እና በሚያዝያ የሚዘራውን ማሽላ ይጎዳል፤ ጉዳቱ ለከተማው ገበያም ይተርፋል። ኹሉም ሳይክሎን ግን ዝናብ አያስቀርም፤ የሚነሳበት ስፍራ እና የሚጓዝበት አቅጣጫ ይወስናል።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የወቅት ትንበያ ዝናቡ ከመደበኛው በላይ፣ መደበኛ ወይም በታች የመኾን ዕድሉን ያመለክታል። የአንድን ሳይክሎን ጉዞ ግን ከወራት በፊት ማወቅ አይቻልም፤ በሳተላይት የሚታየው ከተነሳ በኋላ ነው። ስለዚህ የወቅት ትንበያው ለዘር መረጣ፣ የዐሥር ቀናቱ ደግሞ የመዝሪያ ቀንን ለመወሰን ይጠቅማል።