ርኅራኄ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ሆስፒታል ተኝቶ የወጣ ሰው ጠያቂ ሲመጣለት ስለወሰደው መድኃኒት ብዙም አያወራም። የሚያወራው ስለ ነርሶቹ ነው። «ያቺ የማታዋ ልጅ፣ እግዜር ይስጣት፣ እንደ አባቷ ነው ያየችኝ» ይላል፤ ወይም «ሲስተሯ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም» ብሎ ያዝናል። ነርሷ በበኩሏ ዎርዱን ሙሉ ለሁለት ይዘው እንዳደሩ፣ ውኃ የሚጎነጩበት ፋታ እንዳልነበራቸው ትነግራችኋለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ጉዳዩ በአገር ደረጃ ጎልቶ የወጣው ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በተተገበረው የጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ነው። ከዕቅዱ አራት የለውጥ አጀንዳዎች አንዱ ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ የጤና ባለሙያ ማፍራት ነበር። ሥልጠና ተሰጠ፣ መፈክሩም በየሆስፒታሉ ግድግዳ ተለጠፈ። በቀጣዩ ዕቅድ አጀንዳው ሰፍቶ የባለሙያውን ተነሳሽነትና ብቃትም ጨመረ። ጉዳዩ ግን በዚያ አልበረደም፤ በግንቦት 2017 ዓ.ም. በርካታ የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ አንስተው በከፊል ሥራ አቁመው ነበር።

ሰዓቱ የት እንደሚሄድ ለማየት ቀላል ስሌት እንሥራ። አንዲት ነርስ በስምንት ሰዓት ፈረቃ ሃያ ታካሚ ቢደርሳት ለእያንዳንዱ የሚተርፈው 24 ደቂቃ ነው፤ ያውም ሳትቀመጥና ሳትበላ። ከዚህ ላይ ርክክብ አለ፣ የሐኪሞች ዙር አለ፣ ሙቀትና ግፊት መለካት፣ ካርድ ላይ መጻፍ አለ። ሴፍትሪያክሶን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መርፌ ለመስጠት ዱቄቱን መበጥበጥ፣ ካኑላው አለመዘጋቱን ማየት፣ ከዚያም በደም ሥር ቀስ አድርጎ መግፋት ያስፈልጋል። የጠፋ አንሶላ ፍለጋና ወደ ላቦራቶሪ መመላለስም ከዚሁ ሰዓት ላይ ይቀነሳሉ።

ሲጣደፉ መጀመሪያ የሚቀረው ማንም የማይጠይቅበት ሥራ ነው። ያልተሰጠ መድኃኒት በርክክብ ላይ ያስጠይቃል። ነገ ቀዶ ሕክምና የሚገቡትን እናት «ምን ያስፈራዎታል?» ብላ ያልጠየቀችን ነርስ ግን የሚጠይቃት የለም፤ ካርዱም ለዚህ ቦታ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አሥራ ሁለት የአውሮፓ አገሮችን ያካተተ ጥናት ነርሶችን በመጨረሻው ፈረቃቸው ጊዜ አጥተው የተዉትን ሥራ ጠይቆ ነበር። ከሁሉ በላይ የተጠቀሰው ታካሚን ማጽናናትና ማነጋገር ሲሆን፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይህን መተዋቸውን ተናግረዋል።

ይህ የመልካም ሰው እጥረት አይደለም። በአሜሪካ፣ ፕሪንስተን፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመ አንድ ሙከራ የሥነ መለኮት ተማሪዎችን ከአንድ ሕንፃ ወደ ሌላ ልኮ፣ መንገዳቸው ላይ የታመመ የሚመስል ሰው አስቀመጠላቸው። ጊዜ አላችሁ ከተባሉት 63 በመቶ የሚሆኑት ሲረዱት፣ ዘግይታችኋል ከተባሉት የረዱት 10 በመቶ ብቻ ነበሩ። የለያቸው ሰዓት ነበር።

በእኛ አገር ነገሩን የሚያከብደው ሌላም አለ፤ አስታማሚው። ታካሚውን የሚያጎርሰው፣ የሚያጥበው፣ ደግፎ ሽንት ቤት የሚወስደው፣ ከውጭ መድኃኒት የሚገዛው ቤተሰብ ነው። ያለ አስታማሚ ብዙ ዎርድ ባልቆመ ነበር። ግን ለመቀራረብ የሚያበቃው ሥራ ሁሉ በዘመድ እጅ ስለሆነ፣ ነርሷ ለታካሚው የምትታየው መርፌና ወረቀት ይዛ ስትመጣ ብቻ ነው። ሌላ አገር ያለች ነርስ ገላ እያጠበች የምትሰማውን ጭንቀት የእኛዋ የምትሰማበት አጋጣሚ የላትም። ከሩቅ መጥቶ ያለ አስታማሚ ብቻውን የተኛ ሰው ደግሞ ሁለቱንም ያጣል። ይህ ከሁሉ በላይ ሊያሳስበን ይገባል እላለሁ።

ታዲያ ሁሉንም በጊዜ ማሳበብም ልክ አይደለም። ማመናጨቅ ጊዜ አይቆጥብም። «እማማ፣ ግፊትዎን ልለካ ነው» ማለት ክንዳቸው ላይ ጨርቁን እያሰሩ የሚቻል ነገር ነው፤ ገላ ሲገለጥ መጋረጃ መሳብም እንዲሁ። በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አነስተኛ ጥናት ደግሞ መቀመጥ ብቻውን ምን እንደሚያደርግ አሳይቷል። ሐኪሙ ታካሚው ዘንድ በአማካይ ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ አልቆየም፤ ቆሞ ሲያነጋግራቸው አራት ደቂቃ የማይሞላ፣ ተቀምጦ ሲያነጋግራቸው ግን ከአምስት ደቂቃ በላይ የቆየ መስሏቸዋል። ችግሩ ብዙ ዎርዶቻችን ውስጥ ያለችው አንዲት ወንበር የአስታማሚው መሆኗ ነው። ወንበር መጨመር ግን ከሥልጠና ይረክሳል።

የሆስፒታል ኃላፊዎች ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል፤ ወጪው ትንሽ ነውና። ሆኖም የነርስ ቁጥር ጉዳይ የሕይወት ጉዳይ ነው። ሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት የፔንሲልቬንያ ጥናት፣ በአንዲት ነርስ ላይ አንድ ታካሚ በተጨመረ ቁጥር ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ በ7 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣችው፣ በ2004 ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ለአንዲት ነርስ የሚመደበውን ታካሚ ገደበች፤ ከ2005 ጀምሮ በመደበኛ ዎርድ ከአምስት መብለጥ የለበትም። የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያም በ2000 የጀመረችውን ምጣኔ በ2015 በሕግ አጸናች።

እኛ ዘንድ ተመርቀው ሥራ የሚፈልጉ ነርሶች አሉ፤ የጠበበው የቅጥር በጀቱ ነው። በጀቱ እስኪሰፋ ሊጀመሩ የሚችሉ ነገሮች አሉ። ናሙና ማመላለሱን፣ መድኃኒትና አንሶላ ማምጣቱን ለሌላ ሠራተኛ መስጠት፣ አስታማሚ ሲገባ ምን እንዲያደርግና መቼ እንዲጠራ ማስረዳት፣ አስታማሚ የሌለውን ታካሚ በርክክብ ላይ ለይቶ መንገር ይቻላል። በየፈረቃው አንዲት ነርስ ስንት ታካሚ እንደያዘችም በዎርዱ በር ላይ ይጻፍ። ያን ጊዜ ቅር ያለው ቤተሰብ ቅሬታውን ለማን እንደሚያቀርብ ያውቃል፤ ለነርሷ ወይስ ለመደባት።